ልብሶችም ይቀርባሉ

«ልብሱ ቢቀር ይቀራል፤ ዋናው ደጀን ይምጣልን» አለች ፅዮን በስልክ።

ሙሄዲን ይህን የሰማው ወልድያ ውስጥ ከአንድ ሆቴል አዳራሽ ጓሮ፣ ጠባብ ክፍል በራፍ ላይ፣ ስምንት ቀሚስ በሁለት ክንዱ ታቅፎ እንደቆመ ነው። በሀምሳ ሁለት ዓመቱ ብዙ ጉድ ሰምቷል፤ እንዲህ ያለውን ግን ገና መስማቱ ነው። ቀሚሶቹ እንዳይጨማደዱ ከመርሳ ጀምሮ እንደ ጨቅላ ሕፃን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ነው ያመጣቸው። ሲሪንቃ ላይ ሚኒባሱ ጉብታ ሲዘል የእሱ ራስ ከጣሪያው ተላተመ እንጂ ቀሚሶቹ ንቅንቅ አላሉም። ደግሞስ የማን ቀሚስ መሰላቸው? መርሳ ውስጥ ሙሄዲን ያልሰፋለት ሰው ካለ ገና ያልተወለደ ነው፤ እሱንም ቢሆን እናቱ አስቀድማ ወረፋ ይዛለታለች። ለሠርጉ ኮት የሰፋለት ሙሽራ ዛሬ የልጅ ልጅ ታቅፏል፣ ኮቱ ግን አሁንም ሙሽራ ነው። ሱሪ ለመስፋት ሜትር አያስፈልገውም፤ ሰውየው መንገድ ሲሻገር አንዴ ከኋላው ካየው ይበቃዋል።

ፅዮን የትርኢቱ አዘጋጅ ናት። ዕድሜዋ ከሃያ አምስት አይዘልም፣ ስልኮቿ ግን አራት ናቸው፤ አራቱም አንድ ላይ ይጮሃሉ። ዞር ስትል ሙሄዲንን አየችውና አልደነገጠችም። ቀሚሶቹን ሽቦው ላይ እንዲሰቅላቸው በአገጯ አመለከተችው።

«ስሙ ግን ይጠራል አይደል?» አለ ሙሄዲን፣ የሌላ ሰው ጉዳይ እንደሚጠይቅ ሆኖ።

ከወረቀቶቿ መሀል የምስጋናውን ዝርዝር መዛ አሳየችው። ስድስተኛው መስመር ላይ «ሙሄዲን ልብስ ስፌት፣ መርሳ» ይላል። «ጊዜ ከተረፈን እናነበዋለን፣ ጋሼ» ብላ ሦስተኛውን ስልክ አነሳች። ሙሄዲን ስድስተኛውን መስመር ያዘ፤ «ጊዜ ከተረፈን» የሚለውን እዚያው ለራሷ ተወላት።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ከበር ነው የተበላሸው። የሆቴሉ አጥር ላይ የጭነት መኪና ሸራ የሚያህል ማስታወቂያ ተወጥሯል፤ ሸራውን ከዳር እስከ ዳር የሞላው የደጀን ፊት ነው። አንድ ጥርሱ ብቻ የሙሄዲንን ሱቅ በር ያህላል። ደጀን ከአዲስ አበባ የሚመጣ የቲክቶክ ዝነኛ ነው፤ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ትከሻውን ሲነቀንቅና የአክስቱን ድምፅ አስመስሎ ሲቆጣ ሁለት ሚሊዮን ሰው ያየዋል። ከፊቱ ሥር፣ ከአገጩ በታች፣ መነጽር ያላደረገ ሰው ሊያነበው በማይችለው ፊደል «ልብሶችም ይቀርባሉ» ተብሎ ተጽፏል። መግቢያ አምስት መቶ ብር፣ የፊት ወንበር ሁለት ሺህ፣ ከደጀን ጋር ፎቶ መነሳት አንድ ሺህ። ልብስ ማየት ነፃ ነው፤ ነፃ ስለሆነም የሚፈልገው አልነበረም።

ሙሄዲን ግን የዋዛ ነገር አልነበረም የያዘው። ስምንቱ ቀሚሶች መሀል አንዱ፣ ጥቁር አረንጓዴው፣ ከደሴ እስከ ቆቦ አቻ የለውም። ሲታይ ጨዋ ቀሚስ ነው፤ አንገቱ ዝግ፣ እጅጌው እስከ አንጓ ድረስ ጥብቅ ያለ። ነገር ግን ከእጅጌው ሥር፣ ስፌት በሚመስል መስመር ውስጥ፣ ጠቅ ብለው የሚገጥሙ ሦስት ቁልፎች ተደብቀዋል። ሲከፈቱ እጅጌው እንደ መጽሐፍ ተገልጦ እስከ ክርን ይታጠፋል። ለሶላት ዉዱእ የምታደርግ ሴት እጅጌዋን ስትጠቀልልና ስትጎትት መከራ አታይም፤ እጇን ታጥባ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አድርጋ ትዘጋዋለች፣ አንድ ጠብታም ልብሷን አይነካም። ይህን እጅጌ ያሰበው ሰው ስሙ በማይክሮፎን ቢጠራ ይገባዋል። ያሰበችው መሪማ ናት።

መሪማ የሙሄዲን ታናሽ እህት ናት። ሱቁ ውስጥ ከማሽኑ በስተጀርባ፣ ብርሃን በማይደርስበት ጥግ፣ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጣ የእጅ ሥራውን ትጨርሳለች፤ ቁልፉ፣ ዘምዘማቱ፣ ገበሩ የእሷ ነው። ሙሄዲን ፊት ለፊት ተቀምጦ ማሽኑን ይረግጣል፣ ከደንበኛ ጋር ይጫወታል፣ ከአላፊ አግዳሚ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል፤ ወሬው በእርግጥ ከማሽኑ ይፈጥናል። ፅዮን ደውላ የሱቁን ስም በጠየቀች ቀን የራሱን ስም ሰጣት። ማታ ቤት ሲገቡ ለመሪማ፣ የእሱ ስም ሲጠራ የሷም ተጠራ ማለት እንደሆነ፣ ወንድምና እህት አንድ ሥጋ እንደሆኑ፣ ማይክሮፎንም ቢሆን ረጅም ነገር እንደማይወድ አስረዳት። መሪማ ያን ሰዓት መርፌ ውስጥ ክር እያሾለከች ነበር። ክሩን በመጀመሪያው ሙከራ አሾለከችው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ ስለ ጨው፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ቁልፍ ያወሩ ይሆናል እንጂ ስለ እጅጌው አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

ሙሄዲን ዝም ማለት ስለማይሆንለት መርሳን በወሬ ሞላት። ስሜ ወልድያ ላይ በማይክሮፎን ይጠራል አለ። ሳምንት ሳይሞላ በቴሌቪዥን ሆነ። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ከንቲባው ተነስተው ይቀበሉኛል አለ። እንግዲህ ስሙ ሳይጠራ ቢመለስ በሱቁ በረንዳ ላይ በምን ዓይኑ ይቀመጣል? ለዚህ ነው በራሱ ወጪ ሚኒባስ ተከራይቶ አሥራ አራት ምስክር ይዞ የመጣው። ምስክሮቹን ሲመርጥም በዘፈቀደ አይደለም፤ ከሲሪንቃ ዙሪያ ያሉ፣ ማጨብጨብ የሚያውቁ ገበሬዎችን ነው የመረጠው። እነዚህ ሰዎች ሃያ ዓመት ሙሉ የእርሻ ምርምር ማዕከሉ የመስክ ቀን ባዘጋጀ ቁጥር ተጠርተው የአዲሱን ማሽላና የአዲሱን ጤፍ መደብ እየዞሩ ያያሉ፣ ይዳስሳሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ከወደዱት መደብ ፊት ጠጠር ያስቀምጣሉ፣ በመጨረሻ ያጨበጭባሉ። ሙሄዲን የፈለገው መጨረሻውን ብቻ ነበር። ልብስ ነው የምታዩት፣ ልጃገረዶች ለብሰውት ወዲያ ወዲህ ይላሉ፣ ስሜ ሲጠራ አጨብጭቡ፣ ምሳ በእኔ ነው አላቸው። ሽማግሌያቸው ሼህ ሚስባህ ነገሩ ገባቸው። ገብቷቸውም ግን አዲስ ነገር እንዴት እንደሚታይ የሚያውቁት አንድ መንገድ ብቻ ስለሆነ፣ ከሆቴሉ ግቢ አንድ ትርፍ ጨምረው አሥራ አምስት ጠጠር ለቅመው ለየሰዉ አደሉ።

ትርኢቱ በስምንት ሰዓት ይጀመራል ተብሎ ደጀን የመጣው አሥር ተኩል ላይ ነው። አዳራሹ ለሁለት መቶ ሰው የተሠራ ነው፤ ያን ቀን ግን ሕዝቡ ከመጨናነቁ የተነሳ ከኋላ የቆመ ሰው ሲተነፍስ የፊተኛው ፀጉር ይበተን ነበር። ደጀን ሲገባ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ሰውየው ቀጭን ነው፣ እንደ ሸንበቆ፤ ሱሪው በሁለቱም ጉልበቱ ላይ የሰው ራስ በሚያሾልክ ቀዳዳ ተቀዷል። ከመድረኩ መሀል ሶፋ ተደርጎለት ተቀመጠ። ስልክ ሁሉ ወደ ላይ ወጣ፤ ከኋላ ለሚያይ ሰው አዳራሹ ውስጥ ጥቁር ደን የበቀለ ይመስል ነበር። ሞዴሎቹ መውጣት ጀመሩ። አንደኛዋ ወጣች፣ ዞረች፣ ገባች፤ ያያት የለም። ሁለተኛዋ ቀሚሷን ገልብጣ ለብሳ ወጣች፤ እሱንም ያየ የለም። ሦስተኛዋ መሀል መድረክ ላይ ስትደርስ ስልኳን ከጉያዋ አውጥታ እሷም ደጀንን መቅረጽ ጀመረች። የሙሄዲን ስም ያለበት ወረቀት ፅዮን እጅ ላይ ነበር፤ ስለሞቃት ታራግብበታለች።

ስድስተኛዋ ናጅዋ ናት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ጥቁር አረንጓዴውን ቀሚስ የለበሰችው። ልጅቷ አካሄድ ታውቃለች። እስከ መድረኩ ጫፍ ሄደች፣ ቆመች፣ እንደተነገራት ክንዷን ዘረጋች። ደጀን ያን ጊዜ አስነጠሰ። አዳራሹ በሙሉ «ይማርህ» አለ። ናጅዋ ክንዷን እንደዘረጋች ትንሽ ጠበቀች፣ ከዚያ ቀስ አድርጋ አወረደችው። ፅዮንም ማይክሮፎኑን አንስታ፣ እነዚህ ሁሉ ልብሶች ለክቡር እንግዳችን ለደጀን ክብር የተሰፉ መሆናቸውን በደስታ አበሰረች። ጭብጨባው ጣሪያውን አነሳው። አሥራ አራቱ ምስክሮች የሙሄዲንን ስም ስላልሰሙ አላጨበጨቡም።

ሙሄዲን ከመጋረጃው ጀርባ ነበር። ለእጅ ሥራው አብራው የመጣችው መሪማ አጠገቡ ቆማ ለሰባተኛዋ ሞዴል የተፈታ ዘምዘማት ትይዛለች። መርሳ በዓይኑ መጣች፤ በረንዳው፣ ጎረቤቱ፣ «እህሳ፣ ከንቲባው እንዴት ናቸው?» የሚሉት ሁሉ። «አየሽ አይደል?» አላት። «አንዱ ዓይኑ እስኪጠፋ ለፍቶ ሌላው ይጨበጨብለታል። የሰው ሥራ እንዲህ ይበላል? ወላሂ እንዲህ ያለ ግፍ አይቼ አላውቅም።»

መሪማ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ከዚያ ቀና ብላ አየችው። ብዙ ጊዜ አላየችውም፣ ምናልባት አንድ ቀሚስ ወጥቶ እስኪገባ ድረስ ነው፤ ሙሄዲን ግን ከሐምሌ እስከ መስከረም የቆመ መሰለው። መጋረጃው ጥሩ ጨርቅ እንዳልሆነ ተናገረና ፊቱን አዞረ።

ግርግሩ የተነሳው ስምንተኛዋ ወጥታ ከገባች በኋላ ነው። ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡት ገበሬዎች በስልክ ደን ውስጥ ምንም ስላልታያቸው ሼህ ሚስባህ ብድግ አሉ። ማሳ ከዳር ቆሞ አይታይም፤ ይገባበታል። ከዘራቸውን ይዘው በመተላለፊያው መጡ፤ አሥራ ሦስቱም በመስመር፣ ችግኝ እንዳይረግጡ እንደሚጠነቀቁ ሰዎች እግራቸውን እያነሱ ተከተሏቸው። መድረኩ ላይ ሲወጡ የሆቴሉ ጥበቃ የሽማግሌ ክብር ያዘውና ከዘራውን ተቀብሎ ደግፎ አወጣቸው። ሞዴሎቹ ያን ሰዓት ለመጨረሻው ፎቶ ስምንቱም ተደርድረው ነበር፤ ለገበሬዎቹም ልክ እንደሚያውቁት ስምንት መደብ ሆነው ታዩአቸው። ከመጀመሪያዋ ጀመሩ። ሼህ ሚስባህ በርቀት ይጠይቃሉ፤ ሀስና የተባለችው፣ የቡድኑ አንደበተ ርቱዕ ገበሬ፣ በሴትነቷ ጠጋ ብላ ትዳስሳለች። ዘምዘማቱን ገለበጠች፣ ስፌቱን ሳብ አድርጋ ፈተነች፣ ገበሩን በጣቶቿ መሀል አሸች። ይቺኛዋ ቶሎ ትደርሳለች ግን ነፋስ ይጥላታል አለች ስለ አንዷ ስስ ቀሚስ። ሌላዋ ወጪዋ ብዙ፣ ምርቷ ትንሽ ነው ተባለች።

እንዲህ እያሉ መሀል ላይ ከሶፋው ደረሱ። ደጀን ሁለት እጁን ለፎቶ ዘርግቶ ጠበቃቸው። ሼህ ሚስባህ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ጉልበቱ ላይ ሲደርሱ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ለተከታዮቻቸው አብራሩ። በየመስክ ቀኑ ከአዲሶቹ ዝርያዎች መሀል፣ ልዩነቱ እንዲታይ፣ አንድ የተለመደው ይዘራል።

«ይሄ ማነጻጸሪያው ነው» አሉ። «ምስጥ ገብቶበታል፣ አያችሁት? ሌሎቹ የተሻሉ መሆናቸው እንዲታወቅ ነው መሀል ያደረጉት። ልጄ፣ አትከፋ፣ አንተም ባትኖር አይሆንም።»

ደጀን የዘረጋቸውን እጆቹን ሰብስቦ ጉልበቶቹን ሸፈነ። በሁለት ሚሊዮን ሰው ፊት ሸፍኗቸው አያውቅም። አንድ ከኋላ የነበረ ገበሬ አዝኖለት፣ ቢያንስ ድርቅ ይቋቋማል ብሎ ትርፏን ጠጠር ከእግሩ ሥር አስቀመጠለት። ሳቁ ከፊት ወንበር ተነስቶ እስከ በሩ ሄደ፤ የሆቴሉ ድመት ሳይቀር ሳቀች ይላሉ።

ናጅዋ ጋ ሲደርሱ ግን ሳቁ ቆመ። ሀስና እጅጌውን በጣቷ ስትከተል ስፌት መሳዩ መስመር ጣቷን ያዘባት። ጠቅ አለ። ሁለተኛው ጠቅ አለ። ሦስተኛውም። እጅጌው ተገልጦ የናጅዋ ክንድ እስከ ክርኗ ወጣ። ሀስና ዘጋችውና መልሳ ከፈተችው።

«ለዉዱእ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ማሻአላህ። ለኛ ነው።»

ከፊት የተቀመጡት ሴቶች ሰሙ። አንዷ ተነስታ ጠጋ አለች፣ ሌላዋም ወንበሯን ትታ ተከተለቻት። ደኑ ዞረ፤ ስልኮቹ ከሶፋው ላይ ተነቅለው ወደ አንዲት እጅጌ አዘነበሉ። ሼህ ሚስባህ ጠጠራቸውን ከናጅዋ ፊት አስቀመጡ፣ ተከታዮቻቸውም አንድ በአንድ አስቀመጡ። ከዚያ እሳቸው በየመስክ ቀኑ በስተመጨረሻ የሚጠይቁትን ጥያቄ ጠየቁ። «ይቺን ያወጣት ማነው? እዚህ ካለ ይናገር።»

ፅዮን ማራገቢያዋን ዘርግታ ስድስተኛውን መስመር ፈለገች። «ሙሄዲን ልብስ ስፌት፣ ከመርሳ» ብላ በማይክሮፎን ጠራች። አሥራ አራቱ ምስክሮች ውላቸውን ጠብቀው አጨበጨቡ፤ ሌላውም ሰው አብሮ አጨበጨበ።

ሙሄዲን እንዴት መድረክ ላይ እንደደረሰ አያውቅም። ማይክሮፎኑን ሲይዝ ድምፁ ከወልድያ ተነስቶ ግራና ቀኙን ተራራ መትቶ ሲመለስ ተሰማው። ስለ እጅጌ ሃያ ዓመት ማጥናቱን ተናገረ። እጅጌ ለሰው ልጅ ምን እንደሆነ ተናገረ። እንቅልፍ ስላጣባቸው ሌሊቶች ሲጀምር ሀስና በትሕትና አቋረጠችው። የመስክ ቀን ላይ ንግግር ሲረዝም ጥያቄ ይቀርባል።

«ጋሼ፣ ወደ ላይ ሲታጠፍ ክርን ላይ ምን ይዞት ነው የማይወርደው? ውሃውስ ወደ ብብት እንዳይገባ ምን አደረጉለት?»

ሙሄዲን ማይክሮፎኑን ከአፉ ሳያርቅ ዋጠ፤ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አዳራሹ ሁሉ ሰማው። ወደ ውጭ ነው የሚታጠፈው አለ። ሀስና ወደ ውጭ አጠፈችው፤ እጅጌው ቁልቁል ተንሸራቶ የናጅዋ አንጓ ላይ እንደ ሰነፍ ካልሲ ተጠቀለለ። ሁለቴ መታጠፍ አለበት አለ። ሁለቴ ስትታጠፍ ጭራሽ ጠበቀና የልጅቷ ጣቶች መቅላት ጀመሩ። ሼህ ሚስባህ አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አስደግፈው፣ መልስ የሚያውቅ ሰው እንደሚጠበቅ በትዕግሥት ጠበቁ። ሙሄዲን ወደ መጋረጃው ዞረ። መሪማ መርፌዋን ይዛ እንደቆመች ነው። አልጠራችውም፣ አልነቀነቀችለትም፣ ዓይኗንም አልሰበረችም። ስሙ ተጠርቷል፤ ተጨብጭቧል፤ መርሳ ቢመለስ የሚያፍርበት የለም። አንድ ቀልድ ጣል አድርጎ ቢወርድ ያበቃ ነበር፤ ቀልድ ደግሞ መቼም አጥቶ አያውቅም።

«ማሽኑ የእኔ ነው» አለ። «የረገጥኩትም እኔ ነኝ። ጨርቁንም እኔ ነኝ የገዛሁት፣ በረከሰ ዋጋ።» የሚናገረው ነገር አለቀበት፤ ይህም በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው። «እጅጌው የእህቴ ነው። መሪማ ትባላለች። እኔ እንዴት እንደሚዘጋ እንኳ አላውቅም።»

ሄዶ ማይክሮፎኑን ሰጣት። መሪማ አልተቀበለችውም፤ እንዲያው አልፋው ወደ ናጅዋ ሄደችና የቀላውን እጇን በሁለት እንቅስቃሴ አስለቀቀችላት። ከዚያ ለሀስና ብቻ እንደምታወራ ሆና፣ ወደ ውስጥ እንደሚታጠፍ፣ ክርኑ ላይ በገበሩ ሥር ቀጭን ላስቲክ መኖሩን፣ ላስቲኩ እጅጌውንም ውሃውንም እንደሚይዝ አሳየች። ገበያ ውስጥ ከቧንቧው ዳር ዉዱእ የሚያደርጉ ሴቶች እጅጌያቸው እስከ ትከሻ ረጥቦ ሲውሉ ታይ ነበር። ሰባት ጊዜ ፈታ ሰፋችው። ድምፅዋ ቀጭን ስለሆነ አዳራሹ ለመስማት ጸጥ አለ፤ ደጀንም ሶፋው ላይ ወደፊት አዘንብሎ ያዳምጥ ነበር። እሷ ስትጨርስ ማንም ሳያዛቸው ሴቶቹ ከበቧት። ስሟን ደጋግመው ይጠይቋት ነበር፤ እሷም ደጋግማ መለሰችላቸው።

ወደ መርሳ ሲመለሱ ፀሐይ ገና አልገባችም። ሙሄዲን ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጧል፣ መሪማ ከኋላው፣ ገበሬዎቹ ከኋላዋ። ከወልድያ ወጥተው ብዙ እስኪሄዱ ድረስ አልተናገረም፤ ሾፌሩ አሞት እንደሆነ ጠየቀው። ሙሄዲን አንገቱን ነቀነቀ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያ ጀመረ። አንተ ውጭ መኪና ስትጠብቅ ያመለጠህን ብታውቅ አለው። ይቺ እህቴ መድረክ ላይ ስትወጣ አራት መቶ ሴት ተነስቶ ቆመ። ማይክሮፎን ሲሰጧት አልፈልግም አለች፤ በባዶ ድምፅዋ ሆቴሉን አናወጠችው። ያ ደጀን የሚሉት ተንበርክኮ፣ በዚያው በቀዳዳው ጉልበቱ፣ ሱሪዬን ስፊልኝ ብሎ ለመናት።

«አሥራ ስምንት ሴቶች ናቸው» አለች መሪማ ከኋላ። «አልተንበረከከም።»

ሙሄዲን አፉን እንደከፈተ ቀረ፤ ቀስ ብሎ ዘጋውና መንገዱን ማየት ጀመረ። ሲሪንቃ ደረሱ፣ ገበሬዎቹ እየተመራረቁ ወረዱ፣ በሩ ተዘጋ፣ መኪናው ተንቀሳቀሰ። እሱ አሁንም መንገዱን ያያል። መሪማ ጥቂት ጠብቃ ወንበሯ ላይ ወደፊት ጠጋ አለች።

«ቀጥል እንጂ፣ ወንድምጋሼ» አለችው። «ለምኖኝስ እኔ ምን አልኩት?»